የጭኑ ጡንቻ አጥሮ ነው ወይስ ፈርቶ?

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚውል የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ጉልበቱን ሳያጥፍ ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣቶች ለመንካት ቢሞክር፣ ብዙ ጊዜ እጁ ቅልጥሙ ላይ ይቀራል። ጨክኖ ልውረድ ቢል ከጭኑ በስተኋላ ስቅዝ አድርጎ ይይዘዋል። ጓደኞቹም፣ የስፖርት ቤቱ አሠልጣኝም «ጡንቻህ አጥሯል፤ ሳብ ሳብ አድርገው» ይሉታል። ምክሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። ሆኖም ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተደረጉ ምርምሮች «አጥሯል» የሚለውን ፍርድ አጠራጣሪ አድርገውታል። ፍርዱ ሲለወጥ ደግሞ የፊዚዮቴራፒው አካሄድም አብሮ ይለወጣል።

ጡንቻዎቹ ሦስት ናቸው፤ የስፖርት ጋዜጠኞች «ሃምስትሪንግ» እያሉ በአንድ ስም ይጠሯቸዋል። ስንቀመጥ ወንበሩን ከሚነካው የመቀመጫ አጥንት ይነሡና የጭንን ጀርባ ይዘው ወርደው፣ ጉልበትን አልፈው፣ ሁለቱ በውስጥ አንዱ በውጭ በኩል ከጉልበት በታች ካሉት አጥንቶች ጋር ይያያዛሉ። ተቀምጠው ተረከዝዎን ወደ ወንበሩ ሳብ እያደረጉ የጉልበትዎን እጥፋት ግራና ቀኝ ቢዳስሱ፣ ወጠር ብለው የሚያገኟቸው ጅማቶች የእነሱ ናቸው። የውጭኛው ጡንቻ አጭር ክፍል ከጭን አጥንት ስለሚነሣ ጉልበትን ብቻ ይሻገራል። የቀሩት ግን ዳሌንም ጉልበትንም ይሻገራሉ፤ ዳሌን ወደ ኋላ ይዘረጋሉ፣ ጉልበትን ያጥፋሉ። ስለዚህ ርዝመታቸው እስከ ጫፍ የሚፈተነው ዳሌ ታጥፎ ጉልበት ሲዘረጋ ነው፤ ኳስ ስንጠልዝ ወይም እግራችንን ዘርግተን መሬት ላይ ስንቀመጥ።

ወንበር ላይ ሁለቱም መገጣጠሚያዎች ይታጠፋሉ። ጡንቻው በዳሌ በኩል ሲሳብ በጉልበት በኩል ይላላል። ከቤት ታክሲ ላይ፣ ከታክሲ ቢሮ ውስጥ፣ ከቢሮ ደግሞ ሶፋ ላይ የሚቀመጥ ሰው እግሩን ያንን ጫፍ ሳያስነካው ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ጡንቻ በእርግጥ ሊያጥር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1972 ታባሪ፣ ጎልድስፒንክና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት የድመቶች የባት ጡንቻ እንዳጠረ በጀሶ ሲታሰር፣ ሳርኮሜር ከሚባሉት ተከታታይ ጥቃቅን የጡንቻ ክፍሎች 40 በመቶ ያህሉን አጣ። እንደተሳበ ሲታሰር ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ ጀሶው ከተፈታ በኋላ በአራት ሳምንት ውስጥ ቁጥሩ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ነገር ግን ወንበር ጀሶ አይደለም። ከወንበሩ የሚነሣ ሰው ይቆማል፣ ይራመዳል፣ ደረጃ ይወጣል። የወጣቱን እጅ ቅልጥሙ ላይ ያስቀረውን ነገር በዚህ ብቻ ማስረዳት ይከብዳል።

ነገሩን የገለበጠው እ.ኤ.አ. በ1996 ዴንማርክ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፒተር ማግኑሰን ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ሙከራ ነው። ተሳታፊዎቹ አንድ እግራቸውን ብቻ ለሦስት ሳምንት ያህል በየቀኑ አሳሳቡ፤ ሁለተኛው እግር ለማነጻጸሪያ ቀረ። የሠለጠነው እግር ከበፊቱ ርቆ መዘርጋት ቻለ። ተመራማሪዎቹ ግን በመሣሪያ የለኩት የርቀቱን መጠን ብቻ አልነበረም፤ ጡንቻው ሲሳብ የሚያሳየውን የመቋቋም ኃይልም ለክተዋል። በተመሳሳይ ማዕዘን ላይ ያ ኃይል አልተለወጠም። ተሳታፊዎቹ ያተረፉት መሳቡን የመቻል አቅም ነው፤ ድሮ «በቃ!» ይሉበት የነበረውን ቦታ አልፈው ሄዱ።

ይህን ሳስብ ልቤ በጣም ይነካል፤ ብዙ ወጣቶች ሰውነታቸውን እንደ ተበላሸ ነገር ሲቆጥሩት ስለማይ። የተያዘው እግር አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ እግር ነው። ዘበኛ አዘውትሮ የሚመጣውን እንግዳ ለምዶ እንደሚያሳልፈው ሁሉ፣ የነርቭ ሥርዓታችንም በተደጋጋሚ ያለ ጉዳት የደረስንበትን ማዕዘን ይለምደዋል፤ ያልለመደው ማዕዘን ላይ ግን ገና ጡንቻው ሳይጎዳ ያስቆመናል። በርግጥ ለብዙ ሳምንታት ረጅም ሰዓት የተሠራ ማሳሳብ የጡንቻውን ግትርነት ራሱን ሊያለዝብ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገኘው ለውጥ ግን በአብዛኛው የመልመድ ውጤት ነው።

ከሕክምናው በፊት መለየት ያለበት አንድ ነገር አለ። ከእነዚሁ ጡንቻዎች ጋር ከመቀመጫ እስከ ጉልበት ጀርባ አብሮ የሚወርደው ሳያቲክ ነርቭ በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ነው፤ እሱም ሲሳብ «የጡንቻ መያዝ» የሚመስል ስሜት ይሰጣል። በጀርባ አስተኝቶ የተዘረጋ እግርን ቀስ ብሎ ወደ ላይ የማንሣቱ ምርመራ በ19ኛው መቶ ዘመን በኖረው ፈረንሳዊ ሐኪም በሻርል ላሴግ ስም የሚጠራውም የዚህን ነርቭ ሕመም ለመለየት ስለሚያገለግል ነው። ቤት ውስጥም ፍንጭ ማግኘት ይቻላል። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጀርባዎን አጎብጠው፣ አገጭዎን ወደ ደረትዎ አውርደው፣ አንድ ጉልበትዎን እስኪይዝዎ ድረስ ይዘርጉ። ከዚያ እግሩን ሳያንቀሳቅሱ አንገትዎን ብቻ ቀና ያድርጉ። የጭን ጡንቻ አንገት ድረስ አይደርስም፤ ስለዚህ አንገት ቀና ሲል እግር ላይ ያለው መያዝ ከላላ፣ የነርቩ ድርሻ አለበት ማለት ነው። (የእግርን ጣቶች ወደ ላይ በመሳብ የሚደረገው ተመሳሳይ ፍተሻ ያን ያህል አይለይም፤ የባት ጡንቻም ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ስለሚሻገር ያደናግራል።) የተቆጣ ነርቭን ይዞ ማክረር ያብሰዋል፤ ፊዚዮቴራፒስቶች በዚህ ጊዜ ጉልበትን በቀስታ እያጠፉና እየዘረጉ ነርቩ ወዲያ ወዲህ እንዲንሸራተት ያደርጋሉ እንጂ ረጅም ሰዓት አይወጥሩትም።

የጡንቻው መሆኑ ከታወቀ መለኪያው ቀላል ነው። በጀርባ ተኝተው ጭንዎን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያቆሙና ጉልበትዎን በራስዎ ኃይል ይዘረጋሉ። ቀጥ ለማለት ከ20 ዲግሪ በላይ ከጎደለው ብዙ ጥናቶች «የተያዘ» ብለው ይመድቡታል።

ስንት ሰከንድ ማሳሳብ ያስፈልጋል? ዊልያም ባንዲና ጂን አይሪዮን እ.ኤ.አ. በ1994 ጡንቻቸው የተያዘባቸውን ሰዎች ከፋፍለው በሳምንት አምስት ቀን ለስድስት ሳምንት 15፣ 30 ወይም 60 ሰከንድ እንዲያሳስቡ አደረጉ። 30 ሰከንዱ ከ15ቱ በልጦ ተገኘ፤ 60 ሰከንዱ ግን ከ30ው የተሻለ ነገር አላመጣም። በ1997 ባሳተሙት ተከታይ ጥናትም በቀን ሦስት ጊዜ መሥራት ከአንድ ጊዜው አልተሻለም። ጊዜ የለኝም ለሚል ተማሪ ወይም ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ ዜና አላውቅም፦ ለእያንዳንዱ እግር በቀን ግማሽ ደቂቃ። በር አጠገብ በጀርባ ተኝቶ አንዱን እግር መቃኑ ላይ ማስደገፍ፣ ሌላውን በበሩ ማሳለፍ በቂ ነው። ወገብ ከወለሉ መነሣት የለበትም፤ ስሜቱም መሳብ እንጂ ሕመም መሆን የለበትም። እዚያው ላይ ተረከዝን ለአምስት ሰከንድ ያህል መቃኑ ላይ ገፋ አድርጎ መልቀቅና ትንሽ ወደ ግድግዳው መጠጋትም ይረዳል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ኸርማን ካባት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ሽባነት ላለባቸው ሕሙማን ካዘጋጀው ሥርዓት የመጣ ነው። አንዱ ተቀምጦ ሌላው ከኋላ ጀርባውን እየተጫነ «ውረድ! ውረድ!» የሚባልበትን ልማድ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የፈራን ጡንቻ ይበልጥ ያስፈራዋል፣ ወገብንም ያለ አግባብ ያጎብጣል።

እኔ ይበልጥ የማምንበት ግን ጡንቻውን እየተሳበ ማሠራት ነው። ኔልሰንና ባንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ሁለቱን መንገዶች ሲያወዳድሩ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ሁለቱም ቡድኖች 12 ዲግሪ ገደማ አተረፉ፤ ምንም ያልሠሩት ከ2 ዲግሪ በታች። እኩል ከሆኑ ጥንካሬ ጨምሮ የሚሰጠውን መምረጥ ይሻላል። ግማሽ ውኃ የያዘ ጀሪካን በሁለት እጅ ይዞ፣ ጉልበትን ላላ፣ ጀርባን ቀጥ አድርጎ፣ መቀመጫን ወደ ኋላ እየገፉ ቀስ ብሎ መጎንበስና መነሣት፤ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን። የዳሌ አጥንታቸው ወደ ፊት ያዘነበለ ሰዎችም አሉ፤ የእነሱ ጡንቻ ቀድሞውኑ የተሳበ ስለሆነ እየጨመሩ ማሳሳቡ ለደቂቃዎች ብቻ ያቀላቸዋል። ለእነሱ ይህ እንቅስቃሴ ይሻላቸዋል።

ለውጡን በየሁለት ሳምንቱ በዚያው በጀርባ ተኝቶ በሚደረገው መለኪያ መከታተል ይቻላል። ሙሉ በሙሉ ካቆሙ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ ከተገኘ በኋላ ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን መሥራት ያቆየዋል። መያዙ ከጉልበት በታች እየወረደ የሚያቃጥል ወይም የሚያደነዝዝ ከሆነ፣ እግር ከደከመ፣ ወይም እየሮጡ ሳለ ጭን ውስጥ «ቷ» ብሎ ከበለዘ፣ ማሳሳቡን አቁሞ በባለሙያ መታየት ያስፈልጋል። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ወይም በሁለቱ ጭኖች መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘ ደግሞ ነገ ሳይባል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።