ረቂቁ ማዳበሪያና የቀወት ሽንኩርት

በቀወት ምድር፥ በሸዋ ሮቢት ገበያ የሽንኩርት ጆንያ ተደግፈው የተቀመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ፥ የጆንያ ዩሪያን ሥራ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ይሠራዋል ሲባል ከዘመድ ሰምተው ኖሮ፥ «ልጄ፥ አንተ ፊደል የቆጠርኸው ንገረኝ፤ ጆንያው እንዴት ጠርሙስ ገባ?» ቢሉኝ መልስ አጣሁና ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ።

የማዳበሪያን መወደድና መዘግየት አንባቢ ያውቀዋልና አልደግመውም። ጠርሙሱን የወለደው የረቂቃን ቁሶች ጥበብ (ናኖቴክኖሎጂ) የሚለካው በናኖሜትር፥ ይኸውም ሚሊሜትር ለሚሊዮን ተከፍሎ በሚገኘው ልክ ሲሆን፥ ሊቃውንቱ ወይ ግዙፉን ፈጭተው ያደቅቁታል፥ ወይ ከፈሳሽ ውስጥ ቅንጣቱን ያሳድጉታል። ጎኑ አንድ ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ ጎናቸው 10 ናኖሜትር ወደ ሆነ ኩቦች ቢከፋፈል፥ ክብደቱ ሳይጨምር ገጹ ከ6 ካሬ ሴንቲሜትር ወደ 600 ካሬ ሜትር ይሰፋልና ጠባዩም አብሮ ይለወጣል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1857 ወርቅን በውኃ ውስጥ እንዲህ ቢያረቅቀው ቢጫው ቀይ ሆኖ ታየው። በአገራችንም ጥቀርሻ ሰብስቦ፥ ወራት አብላልቶ የብራና ቀለም የሚያወጣው ደብተራ፥ ቅንጣቷ በናኖሜትር የምትለካውን፥ ብርሃንም የማያደበዝዛትን ጥቀርሻ ሲያዝዛት ኖሯል፤ ከማዳበሪያው ይልቅ ይህ ነገር ልቡናዬን እንደ ማረከው አልደብቅም።

የህንዱ የማዳበሪያ ኅብረት ሥራ ማኅበር ኢፍኮ እ.ኤ.አ. በ2021 ለገበያ ያወጣውና በቅጠል ላይ የሚረጨው ናኖ ዩሪያ፥ 500 ሚሊ ሊትሩ የ45 ኪሎ ጆንያ ይተካል ተብሎለታል። ይሁንና ጆንያው ከመቶ 46 እጅ ናይትሮጅን ነውና 20 ኪሎ ያህል ሲይዝ፥ ከመቶ 4 እጅ ያለው ጠርሙስ የሚይዘው 20 ግራም ነው። በቆላ ሙቀት ከመሬት የተበተነው ዩሪያ ተንኖ መባከኑ፥ ቅጠልም የተረጨበትን መቀበሉ እውነት ቢሆንም፥ የሺህ እጥፍን ጉድለት የሚሞላ ቅጠል ከወዴት ይገኛል? የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ማክስ ፍራንክና ሶረን ሁስትድም እ.ኤ.አ. በ2023 ተስፋው ከማስረጃው እንደሚበልጥ ጽፈዋል። አዛውንቱ ስሌቱን ስነግራቸው ሳቁና፥ «በአንድ ሲኒ ቡና ሰርግ አይደገስም» አሉ፤ ቀጥለውም፥ «ሽንኩርትን አትዋሸውም፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ በአገር ፊት ያዋርድሃል።»

ጠርሙሱ ወደ አገራችን ቢመጣ ማን ይመረምረዋል ብዬ የጠየቅኋቸው አንድ ሹም፥ በደብዳቤ አቅርብ አሉኝ፤ ደብዳቤው ሲደርሳቸው ደግሞ ጉዳዩ የሌላ ክፍል ሆነ። ምርመራው ግድ ነው፤ በህንድ የፑንጃብ ግብርና ዩኒቨርሲቲ፥ የተለመደውን ናይትሮጅን ቀንሶ በጠርሙሱ ለመተካት ባደረገው ሙከራ የስንዴና የሩዝ ምርት ወርዷል። በሮቢ ወንዝ መስኖ ሽንኩርቱን የሚያለማ ገበሬ ግን እንዲህ ያለ ሙከራ በራሱ ማሳ፥ በተበደረው ገንዘብ ማድረግ የለበትምና፥ ሻጭ ከመድረሱ በፊት የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል በቀወት መሬት ቢፈትነው ይበጃል።