በነቀርሳ ሕክምና ማን ምን ይሠራል?

በቀራንዮና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ሕሙማንን ስንጠይቅ ደጋግመን የምንሰማው አንድ ቃል አለ። ይኸውም «አንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ይልከኛል፤ በሽታዬን የሚያውቅ ጠፋ» የሚል ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ነቀርሳ፣ ዛሬ ብዙ ሰው ካንሰር የሚለው በሽታ፣ ብዙ ባለሙያዎች ተባብረው የሚይዙት እንጂ አንድ ሐኪም ብቻውን የሚያድነው አይደለም። ይህን ያልተረዳ ሕመምተኛ በከንቱ የተንከራተተ መስሎት ሕክምናውን ከመንገድ ያቋርጣል፤ በሽታው ግን አያቋርጥም። ስለዚህ ምእመናንና የፕሮጀክት ሠራተኞች ሕመምተኛውን ማበርታት እንዲችሉ፣ የየባለሙያውን ሥራ በተራ እንገልጻለን።

በቅርብ የሚገኙት

መጀመሪያ የምትገኘው ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የእርስዋ ሥራ ማስተማርና ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚበዙት የጡትና የማኅፀን በር ነቀርሳ ናቸው። ምርመራው በሚሰጥባቸው ጤና ጣቢያዎች፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶች የማኅፀን በር ምርመራ እንዲያደርጉ ይመከራል። ነርሷ ወይም አዋላጇ የማኅፀኑን በር እንደ ኮምጣጤ ባለ ፈሳሽ ቀብታ ታያለች። ነጣ ያለ ለውጥ ከታየ፣ ገና ወደ ነቀርሳ ሳይለወጥ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ማከም ይቻላል። በጡትዋ እብጠት ያገኘች ሴትም «አያመኝም» ብላ መቆየት የለባትም፤ የጡት ነቀርሳ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምምና።

በሽታውን የሚለዩት

ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የተላከ ሰው በራጅ፣ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ይመረመራል። እነዚህን ሥዕሎች የሚያነበው ራዲዮሎጂስት ነው። ቀጥሎ ከእብጠቱ ጥቂት ሥጋ ወይም ፈሳሽ ተወስዶ ለፓቶሎጂስት ይላካል። ይህን ሐኪም ሕመምተኛው ብዙውን ጊዜ አያየውም፤ ነገር ግን በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ ነቀርሳ መሆን አለመሆኑን፣ ዓይነቱም ምን እንደ ሆነ የሚወስነው እርሱ ነው። ያለ እርሱ ቃል ሌሎቹ ሕክምና ሊጀምሩ ያስቸግራቸዋል። «ነቀርሳን ምላጭ ከነካው ይብሳል» እያሉ ናሙና ከመስጠት የሚሸሹ አሉ። ይህ ፍርሃት ብዙዎችን አዘግይቷል፤ የሚያብሰው ግን መዘግየቱ ነው።

የሚያክሙት

ቀዶ ሐኪሙ እብጠቱን ቆርጦ ያወጣል። ኦንኮሎጂስት የሚባለው የነቀርሳ ሐኪም ደግሞ መድኃኒትና ጨረር በምን ቅደም ተከተል እንደሚሰጥ ያቅዳል። ኬሞቴራፒ የተባለው መድኃኒት በየዙሩ የሚሰጥ ሲሆን፣ በዙሮቹ መካከል ብዙ ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ፋርማሲስቱ መጠኑን ያረጋግጣል፤ ነርሷ በደም ሥር ትሰጣለች። መድኃኒቱ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል ስለሚቀንስ፣ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ የደረሰ ሕመምተኛ እስኪነጋ ሳይጠብቅ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

የጨረር ሕክምና በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ሕመምተኛ ተራ የሚጠብቀው በዚያ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጅማም ተጀምሯል። የፊዚክስ ባለሙያው የጨረሩን መጠን ያሰላል፤ ቴክኖሎጂስቱ መሣሪያውን ያንቀሳቅሳል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን ለተከታታይ ሳምንታት ስለሚሰጥ ቀን መዝለል ይጎዳል።

ሥቃይን የሚያቀሉት

የማስታገሻ ሕክምና ባለሙያዎች ሕመምን፣ ማቅለሽለሽንና ጭንቀትን ያቀልላሉ። ሞርፊን ሲታዘዝ «እንግዲህ አለቀለት» ብሎ መደንገጥ አይገባም፤ የሚታዘዘው ሰውየው እንዲያርፍ፣ እንዲበላና እንዲተኛ ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕሙማንን በየቤታቸው ይረዳል። በደም ነቀርሳ በሞተ ሕፃን ስም እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው የማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ደግሞ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና ለሚመጡ ችግረኞች መጠለያ ይሰጣል።

የእኛ ድርሻ

ከቀራንዮ እስከ ጥቁር አንበሳ ታክሲ እየቀያየሩ ለሳምንታት መመላለስ ለደከመ ሰው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ማኅበረ ምእመናን የሚከተለውን ሊያደርጉ ይችላሉ።

አንደኛ፣ በየቀጠሮው የሚያጅብ ሰው በተራ መመደብ። አጃቢው ሐኪሙ ያለውን ይጻፍ፤ ያልገባውንም ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ የምርመራ ወረቀቶችን ሁሉ በአንድ ዶሴ ማስቀመጥ። አንድ ውጤት ቢጠፋ ምርመራው እንደ ገና ሊጀመር ይችላል።

ሦስተኛ፣ ለመጓጓዣና ለምግብ ማዋጣት፣ ደም በሚያስፈልግበት ጊዜ ለጋሽ መሆን፣ እናት ስትታከም ልጆችዋን መጠበቅ።

አራተኛ፣ ከሕመምተኛው ጋር መጸለይ፤ ነገር ግን ጸለይንልህ ብሎ መድኃኒቱን እንዲተው ማንም አይምከረው። ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም።

ሕመምተኛው ሕክምናውን ሊያቋርጥ ሲያስብ ብዙ ጊዜ ሐሳቡን አስቀድመው የሚሰሙት ጎረቤትና ወንድም ናቸው። እንዲህ ያለ ቃል የሰማ ሰው ነገ ሳይል ምክንያቱን ይጠይቅ፤ ከታክሲ ገንዘብ ማጣት የማይበልጥ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።