ለተራራ ብስክሌት የሚስማማ ባለሞላ ሹካ አመራረጥ

ከተራራ ብስክሌቶች መካከል በፊት ሹካው ላይ ብቻ ሞላ ያለው ዓይነት ይገኛል። ሹካው ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ሲያጋጥመው ወደ ውስጥ እየገባ ምቱን ያለዝባል። እስከ መጨረሻው ወሰን የሚገባበት መጠን የሞላው ልክ ይባላል፤ የሚለካውም በሚሊ ሜትር ነው።

«ልኩ በበለጠ ቁጥር ብስክሌቱ ይሻላል» ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። ማንኛውም ቴላዮ የሚሠራው ለተወሰነ የሹካ ቁመት ነውና። ሹካው በ20 ሚሊ ሜትር ቢረዝም የብስክሌቱ ግንባር ከፍ ይላል፤ የመሪው አንገትም በ1 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ያዘነብላል። በዚህ ምክንያት በዳገት ላይ የፊት ጎማው ይቀላል፤ መሪውም ይዋልላል። በሌላ በኩል፣ ብስክሌተኛው በቁልቁለት ፍሬን ሲይዝ የሚሰግደው ፊቱ ብቻ ስለሆነ፣ ሞላው ብዙ በገባ መጠን ብስክሌቱ በግንባሩ ይደፋል። ከዚህም በላይ ረጅሙ ሹካ እንደ ዲጂኖ ሆኖ የቴላዮውን አንገት ስለሚፈነቅለው፣ ብየዳው ሊሰነጠቅና የብስክሌተኛውን ሕይወት ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ሠሪው ለቴላዮው የወሰነውን ልክ መመልከት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ምርጫው በመንገዱ ዓይነት ይወሰናል። ዳገት ለሚበዛበትና እምብዛም ለማይጎረብጥ መንገድ ከ100 እስከ 120፣ ለድብልቅ መንገድ ከ120 እስከ 140፣ ድንጋያማ ቁልቁለት ለሚበዛበት ደግሞ ከ140 እስከ 160 ሚሊ ሜትር ይስማማል። ይሁን እንጂ የኋላው ጎማ ሞላ ስለሌለው፣ ፊቱ የቻለውን ምት ሁሉ ኋላው ይችለዋል ማለት አይደለም።