ልብ «ውሃ ቋጠረ» ሲባል

አንድ ሰው ከመንዝ ዘመሮ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዶ ታይቶ «ልብህ ውሃ ቋጥሯል» ተብሎ ከተመለሰ፣ ቤተሰቡ ቀድሞ የሚደብቅበት ማሰሮውን ነው። የተጠጣ ውሃ ግን ልብ ዙሪያ ሄዶ አይጠራቀምም። ልብ የሚቀመጥበት ድርብ ከረጢት አለ፤ ልብ ሲመታ እንዳይፋተግ ጤነኛ ሰውም በመካከሉ ከ15 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ አለው። ይህ ከረጢት ሲቆጣ ፈሳሹ ይበዛል። የኩላሊት መድከም ወይም ካንሰር ሊያመጣው ይችላል፤ በአፍሪካ ግን ቀድሞ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው።

«ቲቢ ቢሆን ያስለው ነበር» ይባላል። የልብ ከረጢት ቲቢ ሳል ላይኖረው ይችላል። በመንዝ ደጋ ሁሉን ነገር ለብርድ መስጠት ይቀናል፤ የሌሊት ላብ፣ ክሳትና ጋደም ሲሉ የሚያፍን ትንፋሽ ግን የብርድ ሥራ አይደሉም።

ብዙ ሰው የሚስተው ስለ መጠኑ ነው። አዲስ ስልቻ ቀስ በቀስ ሲሞላ ይለጠጣል፤ በአንዴ ሲሞላ ግን እንቢ ይላል። የልብም ከረጢት እንዲሁ ነው። በወራት አንድ ሊትር ያጠራቀመ ሰው በእግሩ ጤና ጣቢያ ሊገባ ይችላል፤ ደረቱን በጩቤ የተወጋን ሰው ግን አንድ ብርጭቆ ያህል ደም ሊገድለው ይችላል። ልብ ከውጭ ሲጨመቅ ደም አይገባለትም፤ ያልገባለትን ደግሞ አይረጭም። የአንገት ደም ሥር ይገተራል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሰውየው ራሱን ይስታል።

ልብ እንዲህ ሲጨመቅም እግር ሊያብጥ ስለሚችል፣ እግሩ ያበጠን ሁሉ «ልብ ድካም ነው» ብሎ ከጎረቤት የሽንት ክኒን መዋስ አደገኛ ነው፤ ለታፈነው ልብ የሚመለሰውን ጥቂት ደም ይቀንስበታል። ልብ ሲታፈን መፍትሔው ፈሳሹን መቅዳት ነው። «መርፌው ልቤን ይወጋኛል» የሚለው ፍርሃት ይገባኛል፤ አደጋ የለውም ማለትም አይቻልም። ሆኖም ሐኪሙ ቦታውን አደንዝዞ በአልትራሳውንድ እያየ የሚያነጣጥረው ፈሳሹን ነው።

መቅዳቱ ቲቢውን አያድንም። መድኃኒቱ በተለምዶ 6 ወር ይወሰዳል፤ በመንግሥት ጤና ተቋማት ነፃ ነው፤ ፀበል የሚጠመቅም ሰው አብሮ ይውሰደው። በደንብ ታክሞም ከረጢቱ ጠባሳ ይዞ ልብን እንደ ቅርፊት ሊያንቅ ይችላል፤ ያኔ ቀዶ ሕክምና ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 በደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ቦንጋኒ ማዮሲ መሪነት 1,400 አፍሪካውያን ሕሙማን ላይ ተሠርቶ የታተመ ጥናት፣ የከረጢቱን ቁጣ ለማብረድ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የተባለ ክኒን ይህን መታነቅ ቢቀንስም ሞትን እንዳልቀነሰ፣ ኤችአይቪ ባለባቸው ላይም ካንሰር እንዳበዛ አሳይቷል። ለአንዱ የታዘዘው ክኒን ለሌላው የማይሰጠው ለዚህ ነው።