ዜሮ ዓመት ፍለጋ

አራት ኪሎ አካባቢ በተተከሉት የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ፊት የሚቆም አዲስ ምሩቅ ንባቡን ከመሃል ነው የሚጀምረው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቆየው፤ ደመወዙም ይቆየው። ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው «የሥራ ልምድ» የሚለው ዓምድ ላይ ነው። የሚፈልገውም አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ ዜሮ። «ዜሮ ዓመት» በሥራ ፈላጊዎች አፍ ራሱን የቻለ ስም ሆኗል። «ዛሬ ዜሮ ዓመት ወጥቷል?» ብሎ የጠየቀን ሰው ምን ማለትህ ነው የሚለው የለም።

ጋዜጣውም የዚሁ ዓለም አካል ነው። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ከመግዛት ይልቅ ተከራይቶ፣ መንገድ ዳር ተቀምጦ፣ የክፍት የሥራ ቦታ ገጾቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ መመለስ የአራት ኪሎ የቆየ ልማድ ነው። ብዙ ጊዜ ፖለቲካውን የሚያነብ አንድ፣ ማስታወቂያውን የሚገለብጥ ደግሞ ሌላ ነው።

ይህ ሁሉ እግርና ኪስ ይጠይቃል። ከአያት ወይም ከቃሊቲ የተነሣ ወጣት ታክሲ ቀያይሮ መጥቶ፣ ሰሌዳውን አንብቦ፣ ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ፣ ማመልከቻ አስገብቶ ሲመለስ የቀኑን ብቻ ሳይሆን የሳምንቱን ገንዘብ ጨርሶ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያና ሌሎች የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች አዲስ አበባ ውስጥ የጀመሩት ጥናት የተነሣው ከዚህ ነበር። ችግሩ የታክሲ ገንዘብ ከሆነ፣ የታክሲውን ሰጥቶ ማየት ነው።

ተመራማሪዎቹ ቋሚ ሥራ የሌላቸውን ወጣቶች በዕጣ ከፋፈሉ። ለአንደኛው ቡድን መሃል ከተማ ድረስ መጥቶ የሚመለስበት የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠው። ሌላው ቡድን ለአጭር ሥልጠና ተጠራ። ሥልጠናው የተዘጋጀው የከተማው ሰው «ኮሜርስ» ከሚለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ጋር ነው። ወጣቶቹ በሒሳብ፣ በቋንቋ፣ በማገናዘብ ችሎታና በተግባር ሥራ ተፈተኑ፤ ለአሠሪ የሚያሳዩት የውጤት ማስረጃም ተሰጣቸው። ከዚያ ሲቪ እንዴት እንደሚጻፍ፣ የማመልከቻ ደብዳቤ ምን መያዝ እንዳለበት፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ምን እንደሚባል ተነገራቸው። ሌላ ሙያ አልተማሩም። ያለቻቸውን ችሎታ ሰው እንዲያያት ማድረግ ነበር ነገሩ።

መጀመሪያ ሰሞን ሁለቱም ዘዴዎች ውጤት አሳዩ። የታክሲ ገንዘብ ያገኙትም ሆኑ የሠለጠኑት መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ጨመረ። ልዩነቱ የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ሲጠይቁ የትራንስፖርት ድጎማው ውጤት ጠፍቷል። የሠለጠኑት ግን የተሻለ ገቢ ያገኛሉ፣ ሥራ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ቆይተዋል፣ በሥራቸውም ይበልጥ ይደሰታሉ። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ደግሞ ቀድሞውኑ ዕድላቸው ጠባብ በነበረ ወጣቶች ላይ ነበር።

ከጥናቱ ወጥቶ ወደ ሰሌዳው የተመለሰ ሰው ነገሩ አይገርመውም። የአገራችን የሥራ ማስታወቂያ በአብዛኛው የሚያወራው ስለ ወረቀት ነው። ዲግሪው ገና ካልደረሰ ቴምፖ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ለሚጠይቅ ሙያ ሲኦሲ፣ የማይመለስ ኮፒ ከኦሪጅናሉ ጋር። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የፈረሙት የወጪ መጋራት ውልም ሲወጡ ይጠብቃል። የሥራ ልምዱ ከግል ድርጅት ከሆነ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ልምዱን ብቻ አይቶ አይቀበልም፤ የሥራ ግብር ስለመከፈሉ ማረጋገጫ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ስንቱ ወድቋል። ሁለት ዓመት በአንድ ሱቅ ሒሳብ የያዘች ልጅ አሠሪዋ ግብር ካልከፈለላት ልምዷ በመሥሪያ ቤቱ ፊት ያልተሠራ ሥራ ነው። ይህን የምታውቀው ደግሞ መመዝገቢያው መስኮት ላይ፣ «ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ከሚለው ገደብ አራተኛው ቀን ላይ ሆና ነው። ወረቀቷን ሥራ ስትይዝ ጀምራ ብትጠይቅ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፤ ግን ማን ነግሯት?

አሠሪውም ቢሆን አንገቱን ደፍቶ የሚጠየቅበት ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜን እስከ 60 የሥራ ቀናት አራዝሞለታል፤ በቀድሞው አዋጅ 45 ቀን ነበር። ሠራተኛውን አይቶ ካልተስማማው የሚለይበት በር ሰፍቶለታል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ዋስትና እያለው ለጀማሪ ገንዘብ ያዥ የሁለት ዓመት ልምድ መጠየቁን አልተወም።

ፈላጊና አሠሪ ፊት ለፊት ቢገናኙስ? ከላይ ከተጠቀሱት ተመራማሪዎች አብዛኞቹ ይህንንም ሞክረውታል። አዲስ አበባ ውስጥ የሥራ ዐውደ ርዕይ አዘጋጅተው ድርጅቶችንና የተማሩ ወጣቶችን አንድ አዳራሽ አስገቡ። የተገኘው ሥራ ለአሥር ድርጅት አንድ ገደማ ነበር። ወጣቶቹ የጠበቁት ደመወዝና ድርጅቶቹ ያሰቡት አልተገናኙም፤ ድርጅቶቹም ከመጡት ወጣቶች የጠበቁት ሌላ ነበር። የዐውደ ርዕዩ ትርፍ የታየው ካለፈ በኋላ ነው፤ ሁለቱም ወገን ግምቱን አስተካክሎ ፍለጋውን አጠናከረ። ከመነሻው የደመወዙን ልክ ቢያውቁት ኖሮ ስንት ወር ባልባከነ ያሰኛል።

ሥራን በዕቅድ ስለ መፈለግ የሚነገረው ምክር ብዙ ጊዜ ስብከት ይመስላል። ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ማስረጃ ግን ከስብከት አልፎ የተለካ ነው። ሥራ አጥ ወጣቶች በሳምንቱ ምን ቀን፣ ስንት ሰዓት፣ የት እንደሚያመለክቱ ወረቀት ላይ እንዲያሰፍሩ ተደረገ። የላኩት ማመልከቻ በ15 በመቶ፣ የቀረበላቸው የሥራ ጥሪ በ30 በመቶ፣ ሥራ የያዙት በ26 በመቶ ጨመረ። ለፍለጋ ያጠፉት ሰዓት ግን አልጨመረም። በየሳምንቱ «አትርሱ» የሚል መልእክት ለተጨማሪ ቡድን ቢላክም የጨመረው ነገር አልነበረም። የተጠቀሙት በጎትጓች ሳይሆን አንድ ሰንጠረዥ በመሙላት ነው፤ ሰው ሥራን በዘመድ በኩል ብቻ ከመጠበቅ ወጥቶ ሌሎች በሮችንም አንኳኳ።

ዛሬ ሰሌዳው ስልክ ውስጥ ገብቷል። ኢትዮጆብስ፣ ሓሁ ጆብስ፣ በቴሌግራም ደግሞ እነ አፍሪወርክ አሉ። የቃሊቲው ልጅ አራት ኪሎ ሳይደርስ ማስታወቂያውን ያነባል። ይህ ለሁሉም የተሰጠ የታክሲ ገንዘብ አይደለምን? ከሆነም የድጎማው ታሪክ ሊደገም ይችላል። ማስታወቂያው ለሁሉም ቀረበ፤ በአንድ መደብ ላይ የሚከመረው ሲቪም በዚያው ልክ ከፍ አለ።

ሥልጠናውስ? ጭርሱን የለም አይባልም። ኢትዮጆብስን የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት «ደረጃ» በተባለው መርሐ ግብሩ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎችን ለሥራ ፍለጋ ያዘጋጃል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል፤ አሠሪው ስለ ትምህርቱ የሚያየው አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ነው። ይህ ሁሉ ግን ዩኒቨርሲቲ ለደረሰው ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህሉ ነበሩ። የአዲስ አበባው ጥናት ትልቁን ለውጥ ያየው ግን ሥራ ገበያው ላይ ዕድላቸው አነስተኛ በነበረ ወጣቶች ላይ ነው፤ የችሎታ ማስረጃ ይዞ የሚጠብቃቸው ቋሚ ቢሮ እነዚህ የላቸውም።

እነሱም ሰሌዳው ፊት ይቆማሉ። ለጥበቃ፣ ለገንዘብ ተቀባይነት፣ ለመጋዘን ሠራተኛነት የወጣውን ያነባሉ። ልምድ የማይጠይቀው ማስታወቂያ ግርጌ ላይ አንዲት መስመር አለች፦ «አስተማማኝ ዋስ ማቅረብ የሚችል»። ዋሱ ደግሞ ደመወዝተኛ መሆን አለበት።