ለብዙ ሰዎች ስለሚላክ ኢሜይል

በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» የሚለው ቃል የቆየ ነው። ደብዳቤው የሚመለከተው ሰው ከላይ «ለ» ተብሎ ይጻፋል፤ ነገሩን እንዲያውቁት የሚፈለጉትም ከታች ተራ በተራ ይሰፍራሉ። በጽሕፈት መኪና ዘመን ግልባጩ የሚገኘው በወረቀቶች መካከል ካርቦን እያስገቡ በመምታት ነበርና፥ በኢሜይል ሲሲ የሚባለው መስመር ስሙን የወረሰው ከዚያው ከካርቦን ግልባጭ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ቢሲሲ የሚባል፥ ባማርኛ ስውር ግልባጭ ሊባል የሚገባው ሦስተኛ መስመር አለ።

በፊተኞቹ በሁለቱ መስመሮች የገባ ሰው ሁሉ አድራሻው ለሌሎቹ ተቀባዮች ይታያል። በስውሩ መስመር የገባው ግን መልእክቱ ይደርሰዋል እንጂ አድራሻውን ሌሎቹ ተቀባዮች አያዩትም። ለሦስት ባልደረቦች ለሚጽፍ ሰው ይህ ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። እርስ በርሳቸው ለማይተዋወቁ፥ ይልቁንም መታወቃቸው ለሚጎዳቸው ሰዎች ሲጻፍ ግን ከደብዳቤው ቃል ይልቅ የአድራሻው መስመር ይከብዳል።

ለዚህም በእንግሊዝ አገር መከላከያ ሚኒስቴር የደረሰው ነገር በቂ ማስረጃ ነው። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ታሊባን ካቡልን ከያዘ በኋላ፥ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ የሠሩ አፍጋናውያን በሥጋት ላይ ወደቁ። ሚኒስቴሩም እነርሱን ወደ እንግሊዝ አገር ለማዛወር የሚደክም ክፍል ነበረው። ይኸው ክፍል መስከረም 10 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ245 ሰዎች አንድ ኢሜይል ሲልክ፥ አድራሻቸውን በስውሩ መስመር በማስገባት ፈንታ በግልጹ በ«ለ» መስመር አስገባው። የ55ቱም ፎቶግራፍ ከአድራሻቸው ጋራ ይታይ ነበር። ከተቀባዮቹ ሁለቱ «ለሁሉም መልስ» የሚለውን ተጭነው መለሱ፤ አንደኛውም ያለበትን ስፍራ ሳይቀር ጽፎ ለሁሉ አደረሰው።

ሚኒስቴሩ ሰዎቹ ኢሜይሉን እንዲያጠፉና አድራሻቸውን እንዲለውጡ ወዲያው አሳሰበ። የእንግሊዝ የመረጃ ኮሚሽነር ጉዳዩን መርምሮ፥ ዝርዝሩ በታሊባን እጅ ቢወድቅ ኖሮ የሰዎቹን ሕይወት ለአደጋ ይጥል እንደ ነበር አመለከተ፤ በታኅሣሥ ወር 2016 ዓ.ም.ም ሚኒስቴሩ 350,000 ፓውንድ እንዲቀጣ ወሰነ። በምርመራው እንደ ታወቀው፥ ክፍሉ ለብዙ ሰዎች በአንድነት ኢሜይል መላክ ስላለው አደጋ ለሠራተኞቹ የሰጠው የተለየ መመሪያ አልነበረም። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ጸሐፊ ጣት ላይ ማላከክ ፍርድን ማጓደል ይሆናል።

መሣሪያውን አስቀድሞ ማሰናዳት ከዚህ ዓይነቱ ስሕተት ብዙውን ያስቀራል። በአውትሉክ ስውሩ መስመር እስኪጠሩት ድረስ አይታይም፤ ዓይን ያላየውንም እጅ ይዘነጋዋል። አዲስ መልእክት ከፍቶ «ኦፕሽንስ» ከሚለው ክፍል ቢሲሲን የመረጠ ሰው ግን መስመሩን በሚቀጥሉትም መልእክቶች ላይ ያገኘዋል። ተንደርበርድ የተባለው ፕሮግራም በግልጹ መስመር የገቡት አድራሻዎች 15 ሲደርሱ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ቁጥሩንም እንደ ሥራው ጠባይ ማሳነስ ይቻላል። በጂሜይልም መልስ ሲሰጥ ለላኪው ብቻ ወይስ ለሁሉም ይሁን የሚለው በ«ሴቲንግስ» ውስጥ የሚመረጥ ነው፤ በብዙ ሰዎች መካከል ለሚጻጻፍም ለላኪው ብቻ የሚለው ይሻላል። በዚያው ስፍራ የተላከውን መልእክት መልሶ ለመያዝ የሚፈቀደው ጊዜ ከ5 እስከ 30 ሴኮንድ ይወሰናል። ሠላሳ ሴኮንድ ጥቂት ብትመስልም፥ ሰው ስሕተቱን የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ልክ እንደ ላከ ነውና አትናቅም።

ስውሩ መስመር ራሱ ፍጹም መሸሸጊያ አይደለም። በስውር ግልባጭ የደረሰው ሰው «ለሁሉም መልስ» ቢጫን፥ በግልጽ የተጻፉት ሁሉ መልሱን ስለሚያገኙ ተደብቆ የነበረው ስም በገዛ እጁ ይገለጣል። ጉዳዩ የሰው ሕይወት ወይም ክብር የሚነካ ሲሆን፥ ለእያንዳንዱ ተቀባይ መልእክቱን ለብቻው እየለየ የሚልክ ፕሮግራም መጠቀም ከቢሲሲ ይልቅ የታመነ ነው።

የእንግሊዙ ሚኒስቴር ከጥፋቱ በኋላ ለዚያ ክፍል ያወጣው ደንብ፥ ወደ ውጭ ለብዙ ሰዎች የሚሄድ ኢሜይል ሌላ ሠራተኛ ሳይመለከተው እንዳይላክ የሚያዝ ነው። ይህም ጸሐፊው መትቶ፥ ሹሙ አይቶ ፈርሞ፥ መዝገብ ቤቱ ደግሞ ቁጥር ሰጥቶ ያወጣው ከነበረው ከወረቀቱ ደብዳቤ ሥርዓት ብዙ የራቀ አይደለም።