“ኬዙ ወደቀ” ሲባል አለቀ ማለት ነው?

ውጭ አገር ዘመድ ያለው ቤተሰብ ይህን አነጋገር ያውቀዋል። ወሬው ሲሰማ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ “በቃ፣ አለቀለት” ብሎ ያዝናል፤ ሌላው ደግሞ “ፍርድ ቤት አለ አይደል? ዳኛው ታሪኩን ሲሰማ ያዝንለታል” ብሎ ያጽናናል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን ካናዳን እንደ ምሳሌ ወስደን እንይ።

መንገዱ

በካናዳ የጥገኝነት ጥያቄን በመጀመሪያ የሚሰማው ፍርድ ቤት ሳይሆን የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ቦርድ ነው። ቦርዱ ጥያቄውን ካልተቀበለ፣ አብዛኞቹ ጠያቂዎች እዚያው ቦርድ ውስጥ ላለው የይግባኝ ክፍል ያመለክታሉ። የፌዴራል ፍርድ ቤቱ በር የሚንኳኳው ይህም ሳይሳካ ሲቀር ነው።

ጊዜው አጭር ነው፤ ውሳኔው በደረሰ በ15 ቀን ውስጥ ማመልከት ያስፈልጋል። ማመልከቻውም በቀጥታ ወደ ክርክር አያስገባም። በቅድሚያ አንድ ዳኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱን ብቻ አይቶ፣ ጉዳዩ ይሰማ ወይም አይሰማ ይላል። ካልፈቀደ በዚህ ላይ ይግባኝ የለም። ከፈቀደ ግን ችሎቱ ከ30 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀጠራል።

ዳኛው የሚመረምረው

እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው። ዳኛው “ይህ ሰው ስደተኛ ነው ወይስ አይደለም?” ብሎ እንደ አዲስ አይጠይቅም። የአገራችን ሰበር ሰሚ ችሎት ምስክር እንደገና ሳይሰማ መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን እንደሚያየው ሁሉ፣ እሱም የሚመዝነው የውሳኔውን አሰጣጥ ነው። ቁልፍ ማስረጃ ታልፏል? ጠያቂው በአግባቡ ተሰምቷል? የተሰጠው ምክንያት አሳማኝ ነው?

ለምሳሌ ወሳኙ አካል “ተደብድቤ ነበር ማለቱ አይታመንም” ብሎ በመዝገቡ ያለውን የሐኪም ወረቀት ጭራሽ ሳያነሳ ከወሰነ፣ ውሳኔው ሊሻር ይችላል። ወረቀቱን መርምሮ ያልተቀበለበትን ምክንያት በአግባቡ ካስረዳ ግን፣ ዳኛው በግሉ ሌላ ሐሳብ ቢኖረውም ጣልቃ አይገባም። በዚህ ደረጃ አዲስ ማስረጃም በመርህ ደረጃ ተቀባይነት የለውም።

ማሸነፍም ቢሆን ወረቀት ማግኘት አይደለም። ጉዳዩ ተመልሶ በሌላ ወሳኝ እንደገና ይታያል። ስለዚህ ለድግስ አይቸኩሉ።

ከእርስዎ የሚጠበቀው

አዲስ አበባ ወይም ደሴ ሆነው ማገዝ የሚችሉት ነገር አለ፤ ዋናው ጊዜው ግን ፍርድ ቤት ሳይደርስ በፊት ነው። የሐኪም ወረቀት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የምስክር ደብዳቤ ካለ ለመጀመሪያው ቃለ ምልልስ እንዲደርስ ይላኩ። በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ መተርጎሙንም ያረጋግጡ።

ቀንና ሰዓት ላይ ይጠንቀቁ። “መስከረም 2013” ብለው የጻፉት በፈረንጆቹ መስከረም 2020 አካባቢ ነው፤ የእኛ “ከሌሊቱ 8 ሰዓት” ለእነሱ 2 ሰዓት ነው። ያልተቀየረ ቀን እውነተኛውን ታሪክ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሊያስመስለው ይችላል። ደብዳቤ ሲጽፉ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይግለጹ።

“ትንሽ ይጨመርበት” የሚል ምክር አይስሙ። አንድ የተጭበረበረ ወረቀት እውነተኞቹንም ያስጠረጥራል። ጉዳዩን የሚይዘውም ፈቃድ ያለው ጠበቃ ይሁን፤ አቅም ለሌለው እንደ ኦንታሪዮ ባሉ ክፍለ ግዛቶች በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፍ የሕግ ድጋፍ አለ።

በመጨረሻም፣ የጥበቃው ጊዜ ልብ ያደርቃል። ለልጅዎ በደወሉ ቁጥር “ኬዝህ ምን ደረሰ?” አይበሉት። ምን እንደበላ፣ ብርዱን እንዴት እንደቻለው ይጠይቁት። ስለ ፍርድ ቤቱ የሚነግርዎት ነገር ሲኖረው ራሱ ያነሳዋል።